ባለ 44 ቶኗን ባቡር የሚገድላት ኤሌክትሪኩ ነው

በኒውዮርክ ግዛት ምዕራብ፣ አርኬድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የአካባቢው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1917 ገንዘብ አዋጥተው የገዙት አጭር የባቡር መስመር አለ፤ አርኬድ ኤንድ አቲካ ይባላል። ይህ መስመር በ1941 ቁጥር 110ን፣ በ1947 ደግሞ ቁጥር 111ን አስገባ። ሁለቱም የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥሪት፣ ባለ 44 ቶን ጎታች ባቡሮች ናቸው፤ የነጂው ክፍል መሐል ላይ ነው፣ የናፍጣ ሞተሮቹ ደግሞ በፊትና በኋላ ዝቅ ባሉ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ ተቀምጠዋል።

44 የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1937 በአሜሪካ የባቡር ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት፣ 90,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ባቡር ከነጂው ሌላ እሳት አንዳጅ እንዲኖረው ተስማሙ። እሳት የሌለው ባቡር እሳት አንዳጅ ሊይዝ ማለት ነው። 44 የአሜሪካ ቶን 88,000 ፓውንድ፣ ማለትም 40,000 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከገደቡ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። በቀን ጥቂት ፉርጎ ለሚጎትት መስመር የአንድ ሰው ደመወዝ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙዎቹ በሁለት የካተርፒላር ዲ17000 ሞተር ይሠራሉ። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር ነው፣ 27 ሊትር ይሆናል፣ 180 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። እያንዳንዱ የራሱን ጄኔሬተር ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ በአክስሎቹ (በጎማ ዘንጎቹ) ላይ ላሉት፣ ጎማውን ለሚያዞሩት ጎታች የኤሌክትሪክ ሞተሮች ኤሌክትሪክ ይልካል። አራቱም አክስል የየራሱ ጎታች ሞተር አለው። አንዱ የናፍጣ ሞተር ቢበላሽ በሌላው ቀስ ብሎ ወደ ጋራዥ መመለስ ይቻላል፤ በእኔ ግምት የዚህ ሥሪት ትልቁ ጸጋ ይኸው ነው።

ጉልበቷን በልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁለቱ ሞተሮች ሐዲድ ላይ የሚደርሰው 300 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ብንል፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የመጎተት ኃይሏ 5 ቶን ያህል ነው። 1 በመቶ ዳገት ላይ አንድ ቶን ክብደት ወደ 12 ኪሎ ተኩል የመጎተት ኃይል ይጠይቃል። የራሷን ክብደት ስንቀንስ 370 ቶን ገደማ ይቀራል፤ በዛሬው የጭነት ልክ ሦስት ሙሉ ፉርጎ ገደማ ማለት ነው። አራተኛውን የቀጠለ ሰው ባቡሯ ባትቆምም እንኳ ጎታች ሞተሮቹን እየጠበሰ ነው። ፍጥነት ሲወርድ አምፔሩ ይወጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ በአምፔሩ ስኩዌር ያድጋል። ስለዚህ ዳገት ላይ ዓይን ከአምፔር መለኪያው አይነሳም።

ለረጅም ጊዜ የቆመችን ባቡር ከማስነሳት በፊት የናፍጣ ሞተሩን በእጅ፣ በብረት ዘንግ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ይገባል። በሞተሩ ራስ ሥር ያለው የቴስታታ ጋኬት አሳልፎ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ከገባ፣ ውኃ አይታመቅምና ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ ያጣምማል። በእጅ ሲዞር ይዞ ከቆመ አታስገድዱት፤ ኢንጀክተሩን አውጥታችሁ ውኃውን አስወጡ። ከዚያ ዘይትና ውኃ ይታያል፣ አንዱ ሞተር ይነሳል፣ የዘይት ግፊቱ ሲወጣ ሁለተኛው ይከተላል። የፍሬኑ አየር ሳይሞላ ማንም ሰው ሽብልቅ ከጎማው ሥር እንዳያወጣ። በብርድ ወራት በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ፀረ በረዶ ያልተቀላቀለበት ውኃ ከሆነ፣ ሳይበርድ በፊት ከሞተሩም ከቱቦውም ማፍሰስ ግድ ነው፤ በአንድ ሌሊት ውርጭ የሞተሩ ብሎክ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። በጎታች ሞተር ውስጥ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ፣ በቤቱ ውስጥ እንደልቡ መውጣትና መውረድ አለበት። የካርቦን ብናኝ ከዘይት ጋር ተለውሶ ካጣበቀው ብልጭታ ይጀምራል፣ ብልጭታው ካርቦኑ የሚነካውን ዙሪያ ቀለበት፣ የኮሙቴተሩን መዳብ፣ ይፍቃል፤ በመዳቦቹ መካከል ያለው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሚካ ከፍ ብሎ ይቀርና ካርቦኑን ያዘልላል፣ ብልጭታው ይብሳል። መድኃኒቱ ኮሙቴተሩን አለስልሶ ሚካውን ከመዳቡ በታች መቁረጥ ነው። ዘይት የተነካ ካርቦን ግን ይጣላል፤ አጥቦ መመለስ አያዋጣም። ዝናብ ውስጥ የቆመች ባቡር ከሆነች፣ ኤሌክትሪክ ከመልቀቅ በፊት የሽቦውን መከላከያ በሜገር (የመከላከያ መለኪያ መሣሪያ) ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ ሞቅ ባለ አየር አድርቁትና እንደገና ለኩ። የአቅጣጫ መቀየሪያው እጀታ ደግሞ ባቡሯ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም አይነካም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ባቡሯ ስትጓጓዝ የሚደርስባት ጉዳት ነው። ባቡሯ ሌላ ቦታ ስትወሰድ በዕቃ ባቡር ጭራ ላይ ተሰክታ ትጎተታለች። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ነው። የጥርስ ማርሹ ተቀናሽ ብዙ ስለሆነ፣ ጎማው በፈጠነ ቁጥር አርማቹሩ፣ ማለትም ሽቦ የተጠቀለለበት የሞተሩ የሚዞር ክፍል፣ ብዙ እጥፍ ይሾራል። 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሽቦው ከቦታው ተነቅሎ ሊወጣና ቀፎውን እየላጨ ሊጨናነቅ ይችላል፤ በዚህ አደጋ የሞተ ሞተር ጥገናው ከአዲስ ሽቦ መጠቅለል ያነሰ አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የማርሹን ፒኞን (በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ትንሹን ጥርስ) አውጥቶ ሞተሩን ከጎማው ማላቀቅ፣ ወይም በዝቅ አልጋ ተጎታች መኪና ላይ ጭኖ መውሰድ። ፒኞኑ የሚወጣው በሃይድሮሊክ መንቀያ ነው፤ በእሳት ካሞቃችሁት ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል።