አለ ወይስ የለም?

በኮቪድ የመጀመሪያዎቹ ወራት በፋርማሲያችን በር ላይ ከሚሰለፈው ሰው አብዛኛው ጤነኛ ነበር። ማስኩም አልኮሉም ካለቀ በኋላ ፍለጋው ወደ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ዞረ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ አወድሰውታልና። ይህን መድኃኒት ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) እና ለመገጣጠሚያ ብግነት ለዓመታት የሚወስዱ ታካሚዎች አሉን። አከፋፋዩ "አሁን አትጠብቁኝ" ሲለን የቀረውን ሰብስቤ፣ የየታካሚውን ስም ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። የፋርማሲው ባለቤት አልወደዱትም። "መድኃኒት የሚገዛው ሊሸጥ ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ለማን የሚለውን ነው ያልተነጋገርነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ጓንት ያጠለቀ ጎልማሳ መጣ። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና አዚትሮማይሲን፣ ያለው በሙሉ። ማዘዣ? አልያዘም። የታመመ ሰው? እሱም የለም፤ "ለማንኛውም ቤት ይቀመጥ" ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲወሰዱ የልብ ምት ሊያዛቡ እንደሚችሉ ማስረዳት ጀመርኩ።

"እህቴ፣ ምክር አልጠየቅኩሽም። አለ ወይስ የለም?"

"የለም" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከኋላው፣ ወለሉ ላይ በለጠፍነው መስመር ላይ ቆመው ተራ የሚጠብቁ እናት ነበሩ። ሉፐስ ካለባቸው ቆይቷል። የመድኃኒታቸውን ስም ከዜና አንባቢዎቹ ሁሉ አጥርተው ይጠሩታል።

"ልጄ፣ ያን ያስቀመጥሽልኝን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ልወስድ ነው!"

ሰውዬው ዞሮ አያቸው፤ ከዚያ እኔን። ማስክ ከቫይረስ ሌላም የሚከላከለው ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። እናት ግን አዘኑለት።

"ውይ፣ አንተም ሉፐስ አለብህ እንዴ የኔ ልጅ?"

"ኧረ የለብኝም።"

"እንግዲያ ተመስገን በል። ምን ያደርግልሃል ታዲያ?"

የእኔ የፋርማኮሎጂ ማብራሪያ ያልቻለውን ይህ ጥያቄ ቻለው። ሰውዬው ወጣ፤ ወጥቶ ግን ለፋርማሲው ባለቤት ደወለ። ተጠራሁ። "ለደንበኛ አይዋሽም፤ እውነቱን ነግሮ ማስረዳት ነው" ተባልኩ። እሺ አልኩ።

ጁን 5 ቀን 2020 ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት መድኃኒቱ ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ታካሚዎችን እንዳልጠቀመ አሳወቀ፤ ጁን 15 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሰረዘ። ባለ ጓንቱ ሰምቶ ይሆን እያልኩ ደስ አለኝ። ደስታዬ አላደረም። በማግስቱ ያው ጥናት ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ኦክስጅን የሚሰጣቸውን ታካሚዎች ሞት እንደሚቀንስ ሲያበስር፣ ሰልፉ ተመልሶ መጣ።

እንደታዘዝኩት እውነቱን ተናገርኩ። "አለ። ግን ኦክስጅን ላይ ላልሆነ የኮቪድ ታካሚ አይጠቅምም፤ ያለ ማዘዣም አልሰጥም።" "አለ" የምትለዋን ሰምቶ የቀረውን ያዳመጠ የለም። ከመጀመሪያው ሰው ጋር ብቻ ስንከራከር ሰልፉ ውጭ ድረስ ረዘመ፤ ኢንሱሊን ሊወስዱ የመጡት ሳይቀሩ እዚያው ተገተሩ። በመጨረሻ ባለቤቱ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

"ምነው፣ የለም ብለሽ ብትገላገይው?"