«ኮች፣ ተራው የፒቸሩ ነው!»

ልጅ ሆነን የሰፈር ኳስ ስንጫወት የኳሱ ባለቤት አይሮጥም ነበር። ጎል አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ኳስ ሲደርሰው ይመታል፣ ካልደረሰው ይሳደባል። ተከላከል የሚለው የለም። ከተናገሩት ኳሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቤቱ ይገባላ! አሜሪካ መጥቼ የቤዝቦሉን ዲኤች (ሥራው መምታት ብቻ የሆነውን ተጫዋች) ሲያስረዱኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በአዘቦት ቀን ታክሲ እነዳለሁ። ቤዝቦልን የለመድኩትም ከመኪናዬ ሬዲዮ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅ ሰዓቱን የሚገፋልኝ እሱ ነበር። ሳላስበው ሕጉን ለቃቀምኩት። በ2023 ሰመር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ የጎልማሶች ሊግ እሑድ እሑድ ጨዋታ የሚመዘግብ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሄድኩ። አለቃው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝና እርሳስ ሰጡኝ። በቃ፣ ተቀጠርኩ።

መዝገቡን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ዘጠኙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ 1 ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ካቸር 2 ነው። እንዲያ እያለ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ የሚቆመው ላይ 9 ይደርሳል። ከነዚህ አንዱ ኳሱን ለቅሞ ወደ አንደኛው ቤዝ (መቺው ዞሮ ነጥብ ለማግባት ከሚረግጣቸው አራት ማረፊያዎች የመጀመሪያው) ወርውሮ ሰው ካስወጣ፣ አንድ አጭር መስመር ጽፌ አልፋለሁ። ዲኤቹ ግን ቁጥር የለውም። ሜዳ አይገባማ! ስሙ አጠገብ የምጽፈው ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

ዲኤች ማለት በፒቸሩ ፈንታ የሚመታ ሰው ነው። ፒቸሩ ይወረውራል፣ ዱላ አይነካም። ዲኤቹ ይመታል፣ ጓንት አያጠልቅም። ለምን ቢሉ፣ ፒቸሮች መምታት አይሆንላቸውም። በ2021 በዋናው ሊግ ፒቸሮች ዱላ ይዘው ከቆሙባቸው 100 ሙከራዎች 11 ያህሉን ብቻ ነበር በደህና የመቱት። የአሜሪካን ሊግ የሚባለው ወገን ይህ ሰልችቶት ዲኤችን ያስገባው ገና በ1973 ነው። የመጀመሪያው የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች ሮን ብሎምበርግ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ቦስተን ላይ ወጣ፣ አራት መጥፎ ውርወራ ተወረወረለትና ሳይመታ በእግሩ ወደ አንደኛው ቤዝ ሄደ! መምቻ ተብሎ የተፈጠረው ቦታ ሳይመታ ነው ሥራ የጀመረው። ዱላው ግን ሙዚየም ገብቷል። ሌላው ወገን፣ ናሽናል ሊግ፣ «ኳስ የሚወረውር ይምታ» ብሎ ቆይቶ ለዘለቄታው የተቀበለው በ2022 ነው።

ቡድኖቹ አጠቃቀማቸው ለየቅል ነው። አንዳንዱ ቦታውን እግሩ ለከበደ፣ ክንዱ ግን ላልደከመ ሰው ይሰጣል። የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ የጨዋታ ዕድሜውን የጨረሰው እንደዚያ ነው፣ በ2022 የዝነኞች አዳራሽ ገብቷል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ በተራ ያዞሩታል። ጉልበቱ የዛለ ካቸር አንድ ቀን መሬት ላይ ቁጢጥ ከማለት ይድንና መምታቱን ብቻ ይመታል። ግማሽ ዕረፍት በሉት። ፒቸርም መቺም የሆነው ሾሄይ ኦታኒ ደግሞ ክርኑን ቀዶ ጥገና አድርጎ መወርወር ባልቻለበት በ2024 ሙሉውን ዓመት ዲኤች ሆኖ 54 ሆምረን (ከአጥር ውጭ የሚወጣ ምት) መታ፣ 59 ቤዝ ሰረቀ (ሌላ ሳይመታለት ሮጦ ያዘ)፣ የናሽናል ሊግ ኮከብ ተባለ። ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው እያልኩ የምቀልደውን ያኔ ተውኩ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኛ ሊግ ውስጥ የአንደኛው ቡድን ዲኤች ሃምሳ ሊደፍን የተቃረበ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጉልበቱን ሁለቴ ተቀዷል። ሲመታ ግን ዱላው ድምፅ አለው። በመምቻው ሰልፍ አራተኛ ነበር።

አንድ እሑድ ስምንተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ ነን፣ ነጥቡ 4 ለ 4። የዚህ ቡድን ካቸር አውራ ጣቱን በኳስ ተመታ። ጣቱ ወዲያው አበጠ። ተቀያሪ ካቸር የለም። አሠልጣኙ ወዲያ ወዲህ አየና ቧንቧ ሠራተኛውን ጠራው። በወጣትነቱ ካቸር ነበር አሉ። ሰውዬው እግር መከላከያውን ሲያስር ማንጠልጠያውን ወደ ውስጥ አዙሮ አሰረው፣ ፒቸሩ ተንበርክኮ አስተካከለለት። እኔም መዝገቤ ላይ «ዲኤች» የሚለውን ሰርዤ 2 ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ነው ሕጉ የሚጠምደው። ዲኤች ሜዳ ከገባ፣ ለዚያ ቡድን ዲኤች የሚባል ነገር ለቀሪው ጨዋታ አበቃ። ፒቸሩ ዱላ መያዝ አለበት። የሚመታው ደግሞ በወጣው ተጫዋች ተራ ነው። የተጎዳው ካቸር በሰልፉ ስምንተኛ ስለነበር፣ ፒቸሩ ስምንተኛ ሆነ። ቧንቧ ሠራተኛው ከአራተኛነቱ ንቅንቅ አይልም። በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት። አምሮብኝም ነበር።

ቀጥሎ የእነሱ መምቻ መጣ። አምስተኛው መትቶ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ስድስተኛው ራሱ ወጣ፣ ሯጩን ግን ሦስተኛ ላይ አደረሰው። ሰባተኛው ሦስቴ ስቶ ወጣ። ሁለት አውት (ሁለት ሰው ወጥቷል፣ ሦስት ሲሞላ መምቻቸው ያበቃል)፣ አንድ ሰው ሦስተኛ ቤዝ ላይ። ተራው የስምንተኛው ነው። ማን ዱላ ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ቧንቧ ሠራተኛው!

አሠልጣኙ የመሰለው ግልጽ ነው። በካቸሩ ቦታ ገብቷል፣ ስለዚህ በካቸሩ ተራ ይመታል። ለሰሚው ትክክል ይመስላል። ዳኛውም ዝም አለ። አንድ ኳስ ወጣበት፣ አንዱን ሳተ። እኔ ከመረቡ ጀርባ ጠረጴዛዬ ላይ ቀይ ጽሑፌን እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። እኛ ቤት ስናድግ ሰው ሲሳሳት አይቶ ዝም ያለ ከተሳሳተው እኩል ነው የሚገረፈው። ተነሥቼ መረቡን ነቀነቅኩና፦

«ኮች፣ ተራው የፒቸሩ ነው!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ሜዳው ቀጥ አለ። ዳኛው ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሰዎቹ ተቀያየሩ። ፒቸሩ የራስ ቁር ከጓደኛው ተዋሰ። ቧንቧ ሠራተኛው መምታቱን ገና አልጨረሰምና ቅጣት የለም፣ ፒቸሩ አንድ ለአንድ የነበረውን ቆጠራ ወርሶ ቆመ። የመጀመሪያዋን ኳስ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የመታት ብል አልዋሸሁም። ከአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ጀርባ ሣሩ ላይ ጠብ አለች። ሯጩ ገባ። 5 ለ 4። ጨዋታውም በዚያው ውጤት አለቀ።

እኔ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳይ፣ የተቃራኒው ቡድን አሠልጣኝ ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሯል። ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። «ለማን ነው የምትሠራው?» አለኝ።

ሰውየው ስህተቱን ከእኔ በፊት አይቶታል ለካ! አውቆ ነው ዝም ያለው። ቧንቧ ሠራተኛው መትቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ ቀጣዩ ኳስ ሳይወረወር ለዳኛው ይናገራል። ያን ጊዜ መምታት የነበረበት ፒቸር አውት ይባላል፣ የተገኘ ነጥብ ካለም ይሰረዛል። ሦስተኛ አውት፣ በነፃ። ወጥመዱን አጥምዶ ሲጠብቅ እኔ በጩኸት ወፉን አበረርኩበት።

ላብ አጠመቀኝ።

ሽማግሌው አለቃዬ ሌላኛው ሜዳ ላይ ነበሩ። መጡ፣ ሰሙ፣ ምንም አላሉም። ከቦርሳቸው የሕግ መጽሐፉን አወጡና ስለ መዝጋቢው የሚለውን ገጽ ገልጠው «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ» አሉኝ። ሰው ያለ ተራው ሲመታ መዝጋቢው ለዳኛም ሆነ ለማንኛውም ቡድን አባል መንገር የለበትም ይላል። በግልጽ። ጀምሬው የነበረው ድምፅ ወደ መጨረሻው ወረደ።

«አየሁት እኮ» አልኳቸው። «አይቼ እንዴት ዝም ልበል?»

«መንቃት ራሱ ጨዋታው ነው» አሉኝ። «እሱ ነቅቷል፣ ያኛው ተኝቷል። አንተ የተኛውን ቀሰቀስክለት።»

ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የ2009 ነገር አጫወቱኝ። በትልቁ ሊግ፣ ግንቦት ውስጥ፣ የታምፓ ቤይ አሠልጣኝ ጆ ማደን የሰልፍ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው በሦስተኛ ቤዝ ጠባቂነት ጻፈ። ኤቫን ሎንጎሪያ ዲኤች መሆን ሲገባው እሱም ቤን ዞብሪስትም እኩል ቦታ ላይ ተገኙ። የክሊቭላንዱ አሠልጣኝ ኤሪክ ዌጅ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ለዳኞቹ አመለከተ። ታምፓ ዲኤቹን አጣ፣ ፒቸሩ አንዲ ሶናንስታይን በሎንጎሪያ ተራ ሦስተኛ ሆኖ ሊመታ ተገደደ። እሱ ደግሞ መትቶ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ፣ ነጥብም አስገባ። አሸነፉ።

«ዌጅ ወረቀቱን ቀድሞ አይቶ ቢያርምላቸውስ?» አልኩ።

ሽማግሌው እንደ እብድ አዩኝ።

ማታ ቡና ላይ ነገሩን ሳወራ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ወዳጄ «ታዲያ አንተ ምን አጠፋህ? እውነት ነው የተናገርከው» አለ። ባለቤቴ ስኒውን እያነሣች «እውነት ብቻውን ምን ይሠራል፤ ጠይቆሃል ወይ ሰውየው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼ ተሳፋሪ ሳይጠይቀኝ መንገድ ስመርጥ ኖሬአለሁ። እሷም ያንን አልረሳችም።

በሳምንቱ ለዚያ አሠልጣኝ ይቅርታ ጠየቅኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «ቢያንስ ሕጉን ታውቃለህ» ብሎ አለፈ። ፈገግ አላለም።

ሽማግሌው ግን አንድ ትልቅ ከረጢት የሱፍ አበባ ፍሬ ገዝተው ጠብቀውኛል። የተጠበሰ፣ ጨው ያለው፣ እዚህ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሁሉ እየፈለጠ የሚተፋው። «መናገር ሲያምርህ አንድ ፍሬ አፍህ ውስጥ አድርግ» አሉኝ። ሰው አፉ ሙሉ ሆኖ አይጮኽም።

ነሐሴ ላይ እንደገና መጣ። ሌላ ቡድን፣ ሌላ አሠልጣኝ። ሁለት ሰው በአንዴ ቀየሩና ተራው ተምታታባቸው። ስድስተኛው መምታት ሲገባው ሰባተኛው ወጣ። ሱፍ ጨመርኩ። መታ፣ አንደኛ ቤዝ ገባ። ተቃራኒው ቡድን ኳስ ኳሱን ነው የሚያየው። አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ቀጣዩ ኳስ ተወረወረ። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ማለት አይችልም፣ ጸድቋል። በእርሳሴ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ።

ሽማግሌው አጠገቤ ነበሩ። ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ «አየህ?» አሉ።

«አየሁ።»

«እኔም» አሉና ቅርፊቱን የወረቀት ኩባያቸው ውስጥ ተፉት።