«ኮፒህን አምጣ»

አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ላይ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ጋዜጣዊ መግለጫ ተላክሁ። ደብተሬን ሞልቼ ስመለስ ዋና አዘጋጃችን ኮሪደር ላይ አገኙኝና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኮፒህ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን» ብለውኝ አለፉ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን ይጠየቃል? አዲስ ቅጥር ነኝ፣ ፋይሌም ገና አልተሟላም፤ እኛ አገር ደግሞ አዲስ ቅጥርን ኮፒ አምጣ ካሉት የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ነው፣ ይኼ ለማንም ግልጽ ነው።

ምሳዬን ትቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ። መብራት የለም። ሁለተኛው ቤት ጄኔሬተር አለው፣ ግን ሰልፍ ነው። ዲግሪዬን፣ የማትሪክ ውጤቴን፣ መታወቂያዬን ከነጀርባው ሁለት ሁለት ኮፒ አስደርጌ፣ ለማመሳከሪያ ኦርጅናሉንም ይዤ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው። ሰዓት በማክበሬ ትንሽ ኮራ ብያለሁ እንኳ።

ጋሼ ዲግሪዬን አገላብጠው አዩት።

«ዜናውስ?»

«የቱ ዜና?»

ዜናው ደብተሬ ውስጥ ነበር፣ አንድ መስመር ሳይጻፍ። ለእኔ የተተወው ቦታ በዜና ወኪል ወሬ ተሞላ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ማታ ሻይ ጋብዘው አስረዱኝ።

እሳቸው ሙያውን የተማሩት በታይፕራይተርና ጋዜጣ ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ፊደላት እየተለቀመ በሚታተምበት ዘመን ነው። ለድሮ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጋዜጠኛ ኮፒ ማለት ግልባጭ አይደለም፤ ዋናው ጽሑፍ ራሱ ነው። ፊደል ለቃሚው ፊቱ አስቀምጦ፣ እሱን እያየ ስለሚገለብጥ ነው ስሙ የወጣለት። ለእኛ ኮፒ የኦርጅናሉ ልጅ ነው፣ ለእነሱ ግን አባቱ! ኮፒራይትም ከዚያው ይመዘዛል፤ ለንደን ውስጥ አሳታሚዎች የአንድን ጽሑፍ የማተም መብት በማኅበራቸው መዝገብ ላይ ያስመዘግቡ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1710 ደግሞ ሕግ ወጣለት።

ከዚያ ቃሉ ዜና ክፍሉን ሁሉ ወረሰው። ዘጋቢው ሰዓት ሲያጥረው ጽሑፉን ሳይጨርስ፣ ገጽ በገጽ ከታይፕራይተሩ እየመዘዘ «ኮፒ!» ብሎ ይጮኽ ነበር፤ ሮጦ የሚያደርሰው ልጅ ኮፒ ቦይ ነበር። አራሚዎቹ ብዙ ጊዜ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር፣ ያ ኮፒ ዴስክ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሩቅ የሚደወልን ዜና በስልክ እየሰማ በታይፕ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ኮፒ ቴከር ይባል ነበር። የማስታወቂያ ጽሑፍም ኮፒ ነው። አፉን የማይጠብቅ ፖለቲከኛ ሲገኝም «ጉድ (ጥሩ) ኮፒ» ነው ይሉታል፤ ሰውየው ራሱ ሳይጻፍ ዜና ሆነ ማለት ነው። ስህተት የሌለበት፣ እርሳስ የማይነካው ጽሑፍ «ክሊን ኮፒ» ነው። እውነተኛውን ግልባጭስ? እሱን ብዙ ጊዜ ካርቦን ነበር የሚሉት፤ በኢሜይል ላይ ያለው «ሲሲ» (ካርቦን ኮፒ) የሱ ርዝራዥ ነው።

በማግስቱ ዜናዬን ጽፌ አስገባሁ። በቀይ እስክሪብቶ ተተልትሎ መጣ፣ ከመግቢያው የተረፈው የሚኒስቴሩ ስም ብቻ። ከሥሩ የዲግሪዬ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። አንድም እርማት የለበትም። ጥጉ ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ፣ «ክሊን ኮፒ»።