ቅንጬ አረምን ከማሳችን እንዴት እንዳስወጣሁ፣ ዘመቻውስ ምን እንዳስከፈለን

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ቢያንስ ሌላው ሰው ይወቅ።

የቤተሰባችን ማሳ ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። ማሽላና ማሾ እንዘራለን። በታች በኩል ቦይ ስላለ በመስኖ ሽንኩርት እናለማለን። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ግን የእርሻውን ጣጣ ከእናቴ ጋር የምካፈለው እኔ ነኝ። ዛሬ ማሳችን ከቅንጬ አረም ፀድቷል ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ከቦዩ ራስ እስከ መንገዱ ካለው ቁራጭ በቀር። ብዙ የምለው ስለዚያ ቁራጭ ነው።

መጀመሪያ ስለ አረሙ። የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው እንጂ የእኛ አይደለም። ሕንድ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ፑኔ ከተማ ላይ ሲታይ፣ ከአሜሪካ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደገባ ተነግሯል። ወደኛ አገር እንዴት እንደገባ ሁለት ነገር ይባላል። አንደኛው በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ነው የሚል ነው። ሌላው በሶማሊያ ጦርነት ወቅት በወታደር መኪና ጎማ በምሥራቅ በኩል ገባ የሚል ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ያ እህል ስንት ነፍስ አትርፏል፤ ማንም ወሎዬ አይክደውም። አብሮት የመጣው ዘር ግን እስከ ዛሬ ያስከፍለናል።

ክፋቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ርጥበት ካገኘ ወቅት አይመርጥም። ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያብባል። አንድ እግር አረም ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ይቆያል። በሐረርጌ በኩል በተደረገ ጥናት፣ ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። እኛ ጥናት አላስፈለገንም። በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ሰው ሁሉ ማሳውን ጥሎ ሸሸ። ስንመለስ መሬቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀን። በቀጣዩ ዓመት ማሽላው ቀጥኖ፣ ራሱ አንሶ ወጣ።

ወተቱ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። የጋራ ግጦሹን አረሙ ሲውጠው ላሞቹ ሌላ የሚነጩት ሳር አጡ። ወትሮ የማይነኩትን ቅንጬ አረም በሉ። ወተቱ መረረ። እናቴ ለዓመታት ወተት የምታስረክበው ሐርቡ ላለ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ቀምሶ መለሰው። በጨዋ ደንብ ነው የመለሰው፤ ግን ከዚያ በኋላ አልተቀበላትም። የዓለም ሳይንቲስቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ መጤ ወራሪ ዝርያዎች በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ከ423 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንዳደረሱ ተገምቷል። ያን ቁጥር ሳነብ ትዝ ያለኝ የተመለሰው ወተት ነው። የጎረቤቶቻችን ኪሳራ በማንም መዝገብ ላይ የለም። ሁለት ጎረቤቶቻችን ግጦሽ ስላጡ ከብቶቻቸውን ባቲ ገበያ አውጥተው ሸጠዋል።

የሠራሁት ሥራ ለመናገር አጭር ነው። በበልግ ዝናብ፣ መጋቢት ላይ የሚበቅለውን ገና መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ ነቀልን። አፈሩ ርጥብ ሲሆን ሥሩ ሙሉ ይወጣል። ማሽላው ከመዘራቱ በፊት ደጋግመን አረስን። ማሽላው ከፍ ሲል ሽልሻሎ አደረግን፤ በበቀለው ማሽላ መሃል በቀስታ አረስን ማለት ነው። ከሽልሻሎ ያመለጠውን በእጅ ለቀምን፤ ጓንት አድርገን። ድንበሩን ባዶ አልተውነውም፤ ደሾ ሳርና ዝሆኔ ሳር ተከልንበት። ባዶ መሬት ካገኘ ይገባል፣ ሳር ከቀደመው ይቸገራል። ጎረቤቶቻችንም በደቦ ተጋገዙን። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ከመንገድ ይታይ ነበር።

ከዚያ ዘመቻው መጣ።

ጳጉሜን ላይ ከየቤቱ አንድ ሰው መስከረም ላይ ለአረም ነቀላ እንዲወጣ ታዘዘ። የቀረ ይቀጣል ተባለ። ቀኑን ስሰማ ደነገጥኩ። መስከረም ማለት እኮ የክረምቱ ቅንጬ አረም አብቦ ዘሩ የደረቀበት ጊዜ ነው። ያኔ ከነቀልከው ዘሩን በእጅህ ዘራኸው ማለት ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ወንበር ሰጠኝ፣ አዳመጠኝ። ዘሩ ስለደረሰ ሲነቅሉት እንደሚራገፍ አስረዳሁት። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ፣ ሳያብብ ቢደረግ ሥራው ግማሽ እንደሚሆን ነገርኩት። «እህቴ፣ ልክ ነሽ» አለኝ። «ግን ዕቅዱ የወረደው ከላይ ነው። መስከረም ላይ ሪፖርት ይጠበቅብናል።»

ይህ መልስ እስካሁን ይቆጨኛል። አያውቅም ነበር ቢባል እተወው ነበር። ያውቃል። እያወቀ ነው የላከን።

ቢቀር ብዬ ሌላ ነገር ለመንኩ። ለሰዉ ጓንት ይሰጥ፤ የተነቀለው በማዳበሪያ ከረጢት ይግባ፤ እዚያው በበቀለበት ይቃጠል። ለጓንት በጀት የለም ተባለ። ከረጢት ራሳችሁ አምጡ ተባለ። ዘመቻው ሲደርስ ባነር ግን ነበር። ፎቶ አንሺም ነበር።

ሰው በባዶ እጁ ነቀለ። ከጠዋት እስከ ቀትር። ነጩ ብናኝ ሲነሳ ከሩቅ ይታያል። ጎረቤታችን ሼኹ የአስም ችግር አለባቸው። ሽማግሌ ናቸውና ይቅሩ ብንል፣ ልጃቸው ከተማ ስለሆነ ከቤታቸው የሚወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ቅጣቱን ፈርተው መጡ። ትንፋሽ አጥሯቸው በሰው ትከሻ ተመለሱ። የእናቴ ክንድ እስከ ክርኗ ድረስ አበጠ፣ ተላጠ። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጧት፤ ቀለል አላት። ቆዳዋ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ዛሬም ይቀላል፣ ያሳክካታል። ይህ አረም ቆዳን እንደሚያስቆጣና አስም እንደሚያስነሳ ለባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ለገበሬው ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረውም።

የተነቀለው የት ይከማች ሲባል ለመኪና ቅርብ የሆነ ቦታ ተመረጠ። እሱም የእኛ ቦይ ራስ ነው። ከግጦሹ እየተጎተተ፣ እኛ ሁለት ዓመት ባፀዳነው ማሳ መሃል አልፎ እዚያ ተቆለለ። በዚህ አታሳልፉት ብዬ ፊታቸው ቆምኩ። «ይደርቅና ይቃጠላል፣ አብሽሪ» አሉኝ። መቼ እንደሚቃጠል፣ ማን እንደሚያቃጥለው የተመደበ ሰው አልነበረም። ክምሩ ፎቶ ተነሳ። ሰው ተበተነ።

ጥቅምት ላይ ነፋስ መጣ። ከዚያ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ክምሩ ወደ ቦዩ ተናደ። ቦዩ ደግሞ ሽንኩርታችንን የምናጠጣበት ነው። በየመደቡ ገብቶ በቀለ። በበልጉ ደግሞ አረሙ የተጎተተበት መንገድ ሁሉ መስመር ይዞ አረንጓዴ ሆነ። ከግጦሹ እስከ ቦዩ ድረስ፣ ሰው የሄደበትን እግር በእግር ተከትሎ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ያው ባለሙያ ፎቶውን ዓይቶ ዝም አለ። ከዚያ «በእኛ መረጃ ቀበሌው ከአረም ነፃ ተብሏል» አለኝ። እንደገና ተወሯል ብሎ ለመመዝገብ ከቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቀበሌ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። በሌላ ቀን ስሄድ ማኅተም የያዘው ሰው የለም። ደብዳቤውን ሳገኝ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ተላከ። ከመንገድ ዳር ሆኖ አይቶ ሄደ። ማሳው ውስጥ አልገባም።

የምናደደው በባከነው የሰው ጉልበት ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በጓንት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ግጦሽ ዛሬ ሳር ይሆን ነበር። ወሎ ውስጥ ሰው ለጋራ ሥራ ውጣ ሲባል ይወጣል። ደቦ ያደገበት ነው። ያን ፈቃደኝነት በተሳሳተ ወር ማባከን፣ ሌላ ጊዜ ሲጠራ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። አሁን ሼኹ «ወላሂ፣ ሁለተኛ አልወጣም» ይላሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ስለዚህ ምክሬ ከተለመደው መመሪያ ይለያል። «ባያችሁት ጊዜ ሁሉ ንቀሉ» ይባላል። ካበበ በኋላ በዘመቻ አትንቀሉ እላለሁ። ጥቂት ሰው፣ ጓንት አድርጎ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ እያንዳንዱን እግር በቀስታ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ እዚያው ያቃጥል። አትጎትቱ። ከማሳ ማሳ አታሻግሩ። በማጭድ ማጨድም አይረዳም፤ ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል።

ኮምፖስት ይሠራበታል ተብሎ ሥልጠና ይሰጣል። ሳያብብ ከተነቀለ እውነት ነው፣ ይሆናል። ግን በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ውስጥ ያላበበውን ብቻ ለይቶ የሚያስገባ ስንቱ ነው? ጉድጓዱ በደንብ ካልሞቀ ዘሩ አይሞትም። ያንኑ ኮምፖስት መልሰን ማሳ ላይ እንበትነዋለን። እኔ በቤታችን ከልክያለሁ።

ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት መርጨትም ይመከራል። ለማሽላ ብቻ ከሆነ፣ አረሙ ገና ጨቅላ ሳለ ይሠራል። እኛ ግን ማሾ አጠገብ እንዘራለን። ማሾ ሰፊ ቅጠል ስለሆነ መድኃኒቱ በነፋስ ከደረሰበት ይጨርሰዋል። ማሾ ያለው ሰው ከመርጨቱ በፊት ደግሞ ያስብ።

አንድ ተስፋ የማደርግበት ነገር አለ። ቅጠሉን የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ አለች፤ አገሯ እዚያው ሜክሲኮ ነው። ሕንዶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 አስገብተዋት ረድታቸዋለች። ወደ አገራችንም ገብታ፣ ሌላ ሰብል እንደማትነካ ከተፈተነች በኋላ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቃለች። ለቃሉ፣ ለሐርቡና ለቆቦ ሜዳም ብትመጣ ደስ ይለኛል። ብቻዋን ግን አትጨርሰውም፤ በደረቅ ወራት መሬት ውስጥ ተደብቃ ዝናብ ትጠብቃለች። የእጅ ሥራው አይቀርልንም።

ሌላው ዘሩ የሚገባበት መንገድ ነው። የገዛችሁት ገለባ፣ ለግንባታ የምታስመጡት የወንዝ አሸዋ፣ ጭቃ የያዘ የመኪና ጎማ፣ ሁሉም ዘር ይዞ ይገባል። እኛ አሁን አሸዋ ሲመጣ ከማሳው ርቆ ይራገፋል። ከዝናብ በኋላ ዙሪያውን እየዞርን እናያለን። የተገዛ ገለባ ለከብት የሚሰጠው በረት ውስጥ ብቻ ነው።

የቀበሌያችን ዲኤ፣ ማለትም የግብርና ልማት ሠራተኛዋ፣ ወጣት ናት። በዘመቻው ዕለት ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና «ጊዜው እንዳልሆነ እኔም ተናግሬ ነበር» አለችኝ። ከእሷ ጋር ሆነን ደብዳቤ ጻፍን። የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሙበት፤ ሼኹም። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፦ ዘመቻው ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ይምጣ፣ ጓንት ይገዛ፣ ለማቃጠሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው በስም ይመደብ። ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል። መልስ የለም። የዘንድሮው ዕቅድ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አሁንም መስከረም ይላል። እኛ ሐምሌ ላይ እንወጣለን። ጓንቱን ከኮምቦልቻ ገዝቼ ልኬያለሁ፤ መጀመሪያ የሚጸዳው የቦዩ ራስ ነው።