አንድ ኳስ ለዘጠኝ ኮከብ

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ማታ

ጣና ዳር ቡና ላይ የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ቡድን ወሬ ከተነሳ ማቆሚያ የለውም። የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ጨዋታ እዚህ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነውና ክርክሩ የሚጦፈው ሲነጋ ነው። ወዲያው ስም ይደረደራል፦ ጆርዳን፣ ዊልት ቻምበርሌን፣ ኮቢ፣ አይቨርሰን፣ ኤልጂን ቤይለር። እያንዳንዳቸው ጉድ የሚያሰኙ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ቡድን አይሆኑም። ለምን እንደማይሆኑና ማን ከማን ጋር እንደሚናበብ እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ሒሳቡ ይሠራ። አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፤ በአምስት ሰው ሲባዛ 240 ደቂቃ። አንድ ቡድን በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያገኘው የውርወራ ዕድል ከ85 እስከ 90 ነው። ጆርዳን በሥራ ዘመኑ ሁሉ በአማካይ 22.9 ጊዜ ይወረውር ነበር። ከላይ የጠራኋቸውን የአምስቱን የየራሳቸውን አማካይ ብንደምር ከ100 ያልፋል፤ ተጠባባቂዎቹ ገና ኳስ ሳይነኩ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ ውርወራውን አስቀድሞ ያላከፋፈለ ሰው ቡድን ሠራሁ ቢል አልቀበለውም።

ቀጥሎ ሕጉ ይወሰን። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ ውስጥ የገባው በ1979 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የዞን መከላከል፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ፣ የተፈቀደው በ2001 ነው፤ ባለ ኳሱን በእጅ ገፍቶ መያዝን የሚከለክለው ሕግ የጠበቀው በ2004 ነው። ሕጉ ሳይታወቅ የ1962ን ሰው ከ2016ቱ ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው። እኔ የዛሬውን ሕግ ወስጃለሁ፤ መስመሩ ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር፣ ከጥግ 6.71 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ይስታል ብዬ አምናለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ የሩቅ ውርወራን ስለሚያበላሽ፣ ዓይናችን የለመደው ጥሶ የሚገባውን ነው። ጥሶ የሚገባ ብቻ ሲሰበሰብ የሚሆነውን ግን አቴንስ 2004 ላይ አይተናል። አሜሪካ አይቨርሰንን፣ ማርበሪን፣ ደንከንን፣ ወጣቶቹን ሌብሮንና ዌድን ይዛ በፖርቶ ሪኮ 92 ለ73 ተሸነፈች። ከሦስት ነጥብ መስመር 24 ጊዜ ወርውረው ያገቡት 3 ብቻ ነበር። የሚፈሩት ተኳሽ ስላልነበረ ተጋጣሚዎቻቸው ቅርጫቱ ሥር ተሰብስበው ጠበቁ፤ ደንከንም መላወሻ አጣ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ኳስ ሳይዝ የሚጠቅመውን ኮከብ ነው። ቋሚ አምስቴ ስቴፍ ከሪ፣ ማይክል ጆርዳን፣ ላሪ በርድ፣ ኬቪን ጋርኔትና ሀኪም ኦላጁዋን ናቸው። ከተጠባባቂ የሚነሱት ሌብሮን ጀምስ፣ ስኮቲ ፒፐን፣ ቲም ደንከንና ክሌይ ቶምፕሰን። ቶምፕሰን ለምን ገባ የሚል ይኖራል። ታኅሣሥ 2016 በኢንዲያና ላይ በ29 ደቂቃ 60 ነጥብ ሲያስቆጥር ኳሱን መሬት ላይ ያነጠረው 11 ጊዜ ብቻ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም።

አንዱን ጨዋታ ዘርዝሬ ልጻፈው። በርድ ኳሱን በቀኝ ክንፍ፣ ሦስት ነጥብ መስመሩ ላይ ይዟል። ኦላጁዋን በግራ ቅርጫቱ አጠገብ፣ ጋርኔት በፍሪ ትሮው (የቅጣት ውርወራ) መስመር ግራ ጫፍ ቆመዋል። ጆርዳን በቀኝ ቅርጫቱ ሥር ነው። ከሪ ከላይ ሮጦ ይወርድና ለጆርዳን ስክሪን ይሠራል፤ ማለትም ቆሞ የጠባቂውን መንገድ በአካሉ ይዘጋል። የከሪ ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው፤ ጠባቂው አንድ እርምጃ ከለቀቀው ሦስት ነጥብ ስለሚቀጣ ጆርዳን ላይ ለማገዝ አይደፍርም። ካልደፈረ ጆርዳን ወደ ፍሪ ትሮው መስመር ቀኝ ጫፍ ወጥቶ ነጻ ሆኖ ይቀበላል። ከደፈረ ደግሞ ከሪ ወደ ቀኝ ጥግ ይፈተለካል፤ በርድም እዚያው ያቀብለዋል።

ይህ ጨዋታ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ከሪ ሰውየውን ሳይነካ ቶሎ ከሄደ የጆርዳን ጠባቂ ያመልጣል፤ ከቆመ በኋላ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ፋውል ነው። በርድ ኳሱን ከሁለት ሰከንድ በላይ ካቆየ ክፍተቱ ይዘጋል፤ እሱን የመረጥኩትም ከመቀበሉ በፊት የት እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው። ትልቁ አደጋ ግን ጋርኔት ወደ ኦላጁዋን ከተጠጋ ነው፤ ሁለት ረጃጅም ጠባቂዎች ቅርጫቱ ሥር ይከማቹና የጆርዳን መንገድ ይዘጋል። ጋርኔት ከ5 ሜትር ገደማ አስተማማኝ ወርዋሪ ስለሆነ ከቦታው መንቀል የለበትም።

በመከላከል በኩል ሁሉም ተጋጣሚ የሚፈልገው ከሪን ነው፤ ግዙፍ ሰው እያመጣ በፒክ ኤንድ ሮል (ለባለ ኳሱ ስክሪን ሠርቶ ወደ ቅርጫቱ በመሮጥ) ያሳድደዋል። መፍትሔው ጋርኔት አንድ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ባለ ኳሱን አስቁሞ ወደ ሰውየው መመለሱ ነው፤ እስኪመለስ ኦላጁዋን ከኋላ ይጠብቃል። ኦላጁዋን 3,830 ብሎክ አድርጎ (የተጋጣሚን ውርወራ አየር ላይ መልሶ) በኤንቢኤ ታሪክ አንደኛ ነው። ሌጎስ ላይ እግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ እግሩ ላይ ያለው ቅልጥፍና ከዚያ የመጣ ነው፤ አፍሪካዊ በመሆኑም ደስ ይለኛል።

ደቂቃው እንዲህ ይከፈላል፦ ጆርዳን 36፣ ከሪ 34፣ ኦላጁዋን 32፣ በርድ 30፣ ጋርኔት 30፣ ሌብሮን 26፣ ፒፐን 22፣ ደንከን 18፣ ቶምፕሰን 12። ሲደመር 240 ይመጣል። ከውርወራው ለጆርዳን 20፣ ለከሪ 15፣ ለኦላጁዋንና ለሌብሮን 12፣ 12 ሰጥቼ ቀሪውን ሌሎቹ ይካፈሉታል። ሌብሮንን 26 ደቂቃ ማለት ድፍረት ነው የሚል አይጠፋም። ግን የ2014ቱን ሳን አንቶኒዮ ተመልከቱ፤ በመደበኛው ውድድር ዘመን በአማካይ 30 ደቂቃ የተጫወተ አንድም ሰው ሳይኖራቸው በፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታዎች ማያሚን 4 ለ1 ረትተው ዋንጫ ወሰዱ። በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሌብሮን በጋርኔት ቦታ ይገባል፤ ያኔ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱም ኳስ ማቀበል ይችላሉ፤ ፍሪ ትሮውም ከ70 ከመቶ በላይ ያገባሉ። ሻክን (ሻኪል ኦኒልን) እና ዊልትን የተውኩት ለዚህ ነው። ሁለቱም ከፍሪ ትሮው የሚያገቡት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው፤ ተጋጣሚ ሆን ብሎ ፋውል ይሠራባቸዋል፤ ጨዋታው ሲጠብ ከሜዳ ማውጣት ግድ ይላል።

ማጂክ ጆንሰንን ከዘጠኙ ውጭ ማስቀመጥ ያመኛል። በጨዋታ 11.2 አሲስት (ለግብ የበቃ ቅብብል) ማንም አልደረሰበትም። ነገር ግን እሱም ሌብሮንም ኳሱ እጃቸው ላይ ሲሆን ነው የሚያምርባቸው። ሁለቱን አብሮ ማሰለፍ አንዱን ተመልካች ማድረግ ነው። ከሁለቱ ሌብሮን ከሩቅ የተሻለ ያገባል፤ ከፖይንት ጋርድ (ኳስ አደራጁ) እስከ ሴንተርም (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ) ይከላከላል። ስለዚህ ማጂክ አሥረኛው ሰው ነው፤ ሌብሮን ፋውል ሲበዛበት የሚገባ።

ከአሥራ ሁለቱ ቀሪዎቹን ሁለት ወንበሮች ለቢል ራስልና ለማኑ ጂኖቢሊ ሰጥቻለሁ። ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ የበላ ሰው ነው፤ ከሩቅ ስለማይወረውር በዛሬው ሕግ ጠባቂው ትቶት ቅርጫቱ ሥር ይቆማል፤ ተጋጣሚ ረጅም ሴንተር ሲያሰልፍ ግን ያስፈልጋል። ጂኖቢሊ በ2008 የምርጥ ተጠባባቂን ሽልማት የወሰደ፣ ቋሚ መሆን እየቻለ ከወንበር መነሳትን የተቀበለ ሰው ነው፤ ልምምድ ላይ ቢያንስ አንድ እንደሱ ያለ ሰው መኖር አለበት።