ከ255 ቀጥሎ

ማክሰኞ ማታ፣ ኮምቦልቻ

ዛሬ አገኘሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ስህተት።

የምንሠራው መሣሪያ የጉሉኮስ ጠብታ እየቆጠረ ነርሷን ያስጠነቅቃል። ሐሳቡ የመጣልኝ አምና ደሴ ነው። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ እኔ አስታማሚ ነበርኩ። ያስታመመ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንህ ከከረጢቱ አይነቀልም። ሊያልቅ ሲል እየሮጥክ "ሲስተር፣ ጉሉኮሱ አለቀ" ትላለህ። የዚያን ሌሊት ተረኛዋ አንድ ብቻ ነበረች። የእጅ ሰዓቷን ከቱቦው አጠገብ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። ማስተካከያዋን በአውራ ጣቷ ትንሽ ታጠብቃለች። እንደገና ትቆጥራለች። ሂሳቡን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነ ቱቦ፣ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 42 ጠብታ መውረድ አለበት። ይህን ነግራኝ ወደ ሌላው አልጋ ሄደች። እማዬ እጇን ስታጥፍ ጠብታው ይዘገያል፣ ስትዘረጋ ይፈጥናል። እስኪነጋ ቆጠርኩ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠብታዋ በኢንፍራሬድ፣ በዓይን በማይታይ ጨረር፣ መሃል ስታልፍ ፕሮሰሰሩ አንድ ይደምራል። በየ1.4 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ። በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር ይህ ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ግን ፕሮግራሙ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ሲጽፍ አንዳንዴ ይዘገያል። ጠብታዋ ደግሞ አትጠብቀውም፤ ሹልክ ብላ ታልፋለች። ሪል ታይም የሚባለው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ፕሮግራሙ በአብዛኛው ፈጣን መሆኑ አይበቃም። በጣም በዘገየባት በዚያች አንድ ቅጽበትም መድረስ አለበት።

ስለዚህ ቆጠራውን ለኢንተራፕት ሰጠሁት። ጠብታ ስትመጣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቁሞ ይደምርና ይመለሳል። ጠብታ ማምለጡ ቀረ። ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ቀን ከ255 ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ 511 ብልጭ አለ። ዓይኔ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላ ቀን ከ1,023 ቀጥሎ 1,279 አየሁ። ማስጠንቀቂያውም ያለምክንያት ጮኸ።

ፕሮሰሰራችን 8 ቢት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያነበው አንድ ኪስ፣ ማለትም አንድ ባይት፣ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል። ከ255 የሚበልጥ ቁጥር በሁለት ኪስ ይቀመጣል። 255 ላይ ታችኛው ኪስ ሙሉ፣ ላይኛው ባዶ ነው። 256 ሲሆን ታችኛው ባዶ ይሆንና ላይኛው 1 ይይዛል፤ የላይኛው 1 ዋጋው 256 ነው። ፕሮግራሙ ታችኛውን አነበበ፤ 255። ላይኛውን ሊያነብ ሲል ጠብታ ወደቀች፤ ቁጥሩ 256 ሆነ። ሲመለስ ላይኛው ላይ 1 አገኘ። የድሮውን ግማሽ ከአዲሱ ግማሽ ጋር ገጣጥሞ 511 አለ። ለዚህ ክፍት የሆነችው ጊዜ ከአንድ ማይክሮ ሴኮንድ ታንሳለች። አንድ ከረጢት እስኪያልቅ ግን ይህ ድንበር 78 ጊዜ ይታለፋል።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ሲነበብ ኢንተራፕቱን መዝጋት፣ ሲጨርስ መክፈት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ቴራክ-25 የሚባል የጨረር ሕክምና መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ሰዎችን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር ጎድቷል። ቢያንስ ሦስቱ ሞተዋል። ከስህተቶቹ አንዱ በአንድ ባይት የተቀመጠ ቆጣሪ ነበር። በየ256ኛው ዙር ወደ ዜሮ ሲመለስ ፕሮግራሙ ዜሮውን "ደህና ነው" ብሎ ይወስድና ፍተሻውን ይዘላል። ያቺው 256። የኛ መሣሪያ የሚያደርገው ማስጠንቀቅ ብቻ ነው፤ ገና ሕመምተኛ አጠገብም አልደረሰም። ቢሆንም በከንቱ ሦስቴ የጮኸን መሣሪያ ለአርባ አልጋ የምትሮጥ ነርስ ታጠፋዋለች። አራተኛው እውነት ቢሆንስ?

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ነው። ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ አምልጦኛል፤ የሐረጎን ዳገት ነገ ጠዋት ነው የምወጣው። እማዬ ደውላ ነበር። "አብሽር ልጄ፣ እራት ብቻ ብላ" አለችኝ።

ከረጢቱን በውሃ ሞልቼ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እያንጠባጠብኩ ነው። በሁለቱ ንባቦች መሃል ሆን ብዬ ያስገባሁትን መዘግየት አላወጣሁትም። ጥገናው ካልያዘ ቶሎ ይታይ ብዬ ነው። ስክሪኑ 7,423 ይላል። ቀጣዩ ድንበር ነው፤ ሃያ ዘጠነኛው። ካልያዘ 7,679 ይላል።

ጠብታዋ ወደቀች። 7,424።