ቀዳዳ የሌላት ሳጥን

ደጅ የምትቀመጥ፣ የሙቀት መጠን የምትመዘግብ ትንሽ ሳጥን ሠርቼ ነበር። የቻርጅ ቀዳዳዋን በጎማ ብደፍነውም ዝናቡ መግቢያ አያጣም፣ ፒኖቹን አዛገብኝ። ቀይሬ ሠራሁት፣ ደግሞ ዛገ። በሦስተኛው ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖራትም አልኩና ገመድ አልባ ቻርጅ ማድረጊያ ሞጁል ገዛሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሰርኪት፣ ሁለት የመዳብ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ)። ላኪው ኮይል በጣም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩ ተቀባዩ ኮይል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ የተቀባዩ ሰርኪት ደግሞ ያንን ወደ 5 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው ወደማይለዋወጥ ጅረት፣ ይመልሰዋል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ነገር ነው።

ኤልኢዲ ሳገናኝበት ወዲያው በራ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቲፒ4056 የምትባለውን የሊቲየም ባትሪ መሙያ ሰርኪት ስቀጥልበት ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሞጁሉ ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። በመልቲሜትር ሳየው ግን 5 ቮልቱ መሙያው ሥራ በጀመረ ቁጥር ዝቅ ይላል፣ መሙያው ሲያቆም ደግሞ ይመለሳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቲፒ4056 ምን ያህል ጅረት እንደሚጠይቅ የምትወስነው አንዲት ሬዚስተር ናት፣ ኦሟ ሲጨምር ጅረቱ ይቀንሳል። ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ኪሎኦም ተበይዶበት ነው የሚመጣው፤ ይህ ማለት 1 አምፒር ይጠይቃል። የእኔ ተቀባይ ያንን ከየት ያመጣል? ሬዚስተሯ የሩዝ ፍሬ እንኳን አታክልም፣ በፒንሴት ይዤ አነሳኋትና በ3.9 ኪሎኦም ተካኋት። አሁን የሚጠይቀው 300 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ። ከሞጁሉ ጋር ከመታገል የሚጠየቀውን መቀነስ ይሻላል፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ቢሞክር እላለሁ።

በኮይሎቹ መካከል ያለው ርቀትም ሚሊሜትር የሚቆጠርበት ጉዳይ ነው። የሳጥኗን ግድግዳ 2 ሚሊሜትር አደረግኩት። ኮይሎቹ ትንሽ ወደ ጎን ሲሸሹም ኃይሉ ይወርዳል፣ ስለዚህ ላኪው ያለበት ማስቀመጫ ላይ ሳጥኗ ልክ የምትገባበት ጎድጓዳ ቦታ ሠራሁ።

ብረት ደግሞ ጠላት ነው። መጀመሪያ ኮይሉን ባትሪው ጀርባ ላይ ለጥፌው ነበር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስነካው ባትሪው ሞቋል። መስኩ የባትሪው ብረት ሽፋን ውስጥ ጅረት እየፈጠረ ነበር ያሞቀው። የሊቲየም ባትሪ መሞቅ የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ወዲያው ነቀልኩት። መካከሉ ላይ ስስ የፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ሉህ አስገባሁ፣ ባትሪውንም ትንሽ አራቅኩት። መስኩ ወደ ባትሪው ከመሄድ በፌራይቱ በኩል ያልፋል። ኮይሉ አጠገብ ብሎን ካለም አንሱት።

አንድ ነገር ልብ አድርጉ፣ እነዚህ ርካሽ ሞጁሎች ቺ (Qi)፣ ማለትም ስልኮች የሚጠቀሙበት የገመድ አልባ ቻርጅ ደረጃ፣ አይደሉም። የቺ ላኪ ከላዩ የተቀመጠው ዕቃ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ከተቀባዩ መልእክት ይቀበላል፣ መልስ ካላገኘ አይሰጥም። ስለዚህ የእነዚህን ሞጁሎች ተቀባይ የስልክ ገመድ አልባ ቻርጅ ማድረጊያችሁ ላይ ብታኖሩት አይሠራም። የእነዚህ ላኪዎች ግን ዝም ብለው ይልካሉ፣ ማንም ባይኖር እንኳ። እኔ ባትሪው ሲሞላ ላኪውን እነቅለዋለሁ።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ግን አልመክርም፣ ገመድ ይሻላል፣ ኃይልም አይባክንም። ለእኔዋ ሳጥን ግን ሌላ መንገድ አልነበረም። 1000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪዋ በአራት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦባት አደረ፣ ጠዋት በብሉቱዝ ሳያት መዝገቡ አልተቋረጠም።